ከሰማይ የታየ አረንጓዴ ሁሉ ልምላሜ አይደለም



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዋሽ ወንዝ አካባቢ በሚገኝ አንድ የአፋር አርብቶ አደሮች መንደር ትልቅ ካርታ ይዘን ደረስን። ካርታው ከሳተላይት በተነሡ ምስሎች የተሠራ ሲሆን፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ቡናማ የነበረው ሜዳ አሁን በሰፊው አረንጓዴ ሆኖ ይታይበት ነበር። እኛም በቢሮ ሳለን ይህንን አይተን ደስ ብሎን፣ «በዚህ አካባቢ ግጦሹ ተሻሽሏል፤ ለከብት መኖ የተመደበው ርዳታ ወደ ሌላ ቦታ ቢዞር ይሻላል» የሚል ሐሳብ በረቂቅ ሪፖርታችን ላይ አስፍረን ነበር። ካርታውን ከዛፍ ጥላ ሥር ዘርግተን በአስተርጓሚ ስናስረዳ፣ አንድ አረጋዊ የበትራቸውን ጫፍ በአረንጓዴው ላይ አሳርፈው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ይህ ሣር አይደለም። ሣራችንን የበላው ነው» አሉን።

በዚያው ቀን ረቂቁን ሰረዝነው፤ የመኖው ርዳታም በነበረበት ቀጠለ። እኒያ ሽማግሌ በዚያ ቦታ ባይገኙ ኖሮ፣ በአንድ የተሳሳተ ንባብ ምክንያት የስንት ቤተሰብ ከብት ያልቅ እንደ ነበር ስናስበው ዛሬም ያስደነግጠናል።

ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ መሬት አጠቃቀም በሚደረገው ውይይት ሁሉ የሳተላይት ካርታ መቅረቡ እየተለመደ መጥቷል። በየፕሮጀክቱ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች ካርታው በእጃችሁ ይገባል፤ በየአጥቢያው ያላችሁ ደጋፊዎቻችንም በሪፖርታችን ላይ ታዩታላችሁ። ስለዚህ ይህ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደማያውቅ በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ ለማስረዳት ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳተላይቱ የሚያየው ምንድን ነው?

ሳተላይት ስንል ሰው ሠርቶ ወደ ሰማይ የሚልከው፣ ምድርን እየዞረ የሚኖር መሣሪያ ማለታችን ነው። የምድርን ገጽ ለማጥናት ተብለው ከተሠሩት የመጀመሪያው የሆነው፣ በኋላ ላንድሳት 1 የተባለው፣ ከአሜሪካ የተላከው በሐምሌ ወር 1972 ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲያረጅ ሌላው እየተተካ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ የምድር ምስል ተከማችቷል። በዛሬው ጊዜ ላንድሳት 8 እና ላንድሳት 9 ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው እየተቀባበሉ አንድን ቦታ በየ8 ቀኑ ያነሡታል። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ደግሞ ከ2015 ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ናቸው። አገራችንም በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያዋን የምድር መቃኛ ሳተላይት በቻይና አገር አስወንጭፋ፣ መቆጣጠሪያውን በእንጦጦ ተራራ ላይ አድርጋ እንደ ነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

የሳተላይት ምስል እንደ ሰፌድ ስፌት ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ሙሉ መልክ ሆኖ ይታያል እንጂ፣ ቀርበው ቢመረምሩት ከብዙ ሺህ ትንንሽ ነጥቦች የተሠራ ነው። በላንድሳት 1 ምስል የአንዱ ነጥብ ጎን 80 ሜትር ያህል ነበረ። ዛሬ በላንድሳት 30 ሜትር፣ በሴንቲኔል 2 ደግሞ እስከ 10 ሜትር ድረስ ነው። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ገደማ ነው ብንል፣ ያ ማሳ በላንድሳት ሦስት ነጥብ ያህል፣ በሴንቲኔል 25 ነጥብ ይይዛል ማለት ነው። እንግዲህ አንዲት የጓሮ ዛፍ ወይም አንዲት ጎጆ በእነዚህ ምስሎች ላይ ተለይታ አትታይም፤ ከጎረቤቷ ጋር ተቀላቅላ በአንድ ቀለም ትመዘገባለች።

ሳተላይቱ ከዓይናችን የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ የሚባለውን ብርሃን መለካቱ ነው። ጤናማ ቅጠል ከፀሐይ የሚያገኘውን ቀይ ብርሃን ለምግቡ ሥራ ስለሚጠቀምበት ብዙውን ያስቀረዋል፤ ኢንፍራሬዱን ግን አብዛኛውን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ባዶ አፈር በሁለቱ መካከል ይህን ያህል ልዩነት አያሳይም። ስለዚህ ባለሙያዎች የሁለቱን ልዩነት ለሁለቱ ድምር ያካፍሉታል። ለምሳሌ አንድ ማሳ ከኢንፍራሬዱ 45 በመቶ፣ ከቀዩ 5 በመቶ ቢመልስ፣ 40 ለ50 ተካፍሎ 0.8 ይሆናል፤ ይህ የለመለመ ማሳ ነው። ሌላው ቦታ 30 እና 24 በመቶ ቢመልስ፣ 6 ለ54 ተካፍሎ 0.11 ገደማ ይሆናል፤ ይህ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። በካርታችን ላይ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቀለም ሆኖ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ይህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ስለ ቅጠል ይናገራል፤ ቅጠሉ ጤፍ ይሁን፣ ባሕር ዛፍ ይሁን፣ እሾህ ይሁን፣ በአንድ ቀን ምስል ብቻ አይናገርም።

ከምስል ወደ ካርታ

ከምስሉ የመሬት አጠቃቀም ካርታ ለመሥራት፣ እያንዳንዱ ነጥብ ማሳ፣ ደን፣ ግጦሽ፣ ውኃ ወይም መንደር ተብሎ ስም ሊሰጠው ይገባል። ነጥቡ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ስለ ሆነ ይህን የሚሠራው ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ሳይማር አያውቅም። አስቀድሞ ሰው በእግሩ ሄዶ፣ «ይህ ቦታ የስንዴ ማሳ ነው፤ ያኛው የግራር ጫካ ነው» ብሎ ከየአካባቢው በቂ ምሳሌ ይሰጠዋል። ከዚያም ለትምህርቱ ባልዋሉ ሌሎች ቦታዎች ላይ ይፈተናል፤ ከመቶ ስንቱን እንዳገኘ ይመዘገባል። ስለዚህ ማንም ካርታ ሲያቀርብላችሁ፣ «በመሬት ላይ በስንት ቦታ ተፈተነ? ከመቶስ ስንት አገኘ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ወራቱ ነው። የደጋው ማሳ በመስከረም አረንጓዴ፣ በኅዳር ወርቃማ፣ በየካቲት ባዶ አፈር ነው። የአንዱን ዓመት መስከረም ከሌላው ዓመት የካቲት ጋር ያነጻጸረ ሰው አገሩ ሁሉ በረሃ ሆነ ብሎ ሊጮኽ ይችላል፤ የሆነው ግን መኸር መሰብሰቡ ብቻ ነው። ንጽጽር ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ወቅት፣ ከተቻለም ከብዙ ዓመታት ምስል መሆን አለበት።

ሦስተኛው ደመና ነው። እኛ ሰብሉን ማየት የምንፈልግበት ክረምት ሰማዩ የሚሸፈንበት ጊዜ ነው። ለዚህ መፍትሔ የሆነው የራሱን የራዳር ሞገድ ወደ ምድር ልኮ የሚመለሰውን የሚለካ ሳተላይት ሲሆን፣ ደመናም ጨለማም አይከለክለውም። ከ2014 ጀምሮ ሴንቲኔል 1 የተባለው ይህን አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። በተለይም ጎርፍ የተኛበትን ቦታ ለይቶ ለማሳየት በጣም ይረዳል።

ሁለት ሐይቆች በአንድ ስምጥ ሸለቆ

የሳተላይት ምስል ለውጥን በግልጽ ሲያሳይ ምክንያቱን ግን እንደማይነግረን፣ በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙት ሐይቆቻችን ሁለቱ ጥሩ ትምህርት ይሰጡናል።

የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለው የአብጃታ ሐይቅ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተነሣው ምስል ላይ ስፋቱ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተነሡት ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ውኃው እየሸሸ ነጭ ጨዋማ ዳርቻ እየተወ ከግማሽ በታች እስከ መሆን መድረሱ ይታያል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ውኃው ጥቂት ዝቅ ባለ ቁጥር ብዙ መሬት ይገለጣል። ዓሣው ከጨው ብዛት የተነሣ ጠፍቷል፤ በአጠገቡ ባለው በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉትና ወደ አብጃታ እየበረሩ ዓሣ ይመገቡ የነበሩት ይብራዎችም ገበታቸውን አጥተዋል።

ይህን ያየ ሰው «ዝናብ ስለ ጠፋ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን የአብጃታ ዋና ምግብ ከዝዋይ ሐይቅ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ነው። በዝዋይ ዙሪያና በቡልቡላ ዳር ለአትክልትና ለአበባ እርሻ የሚሳበው ውኃ ከዓመት ወደ ዓመት ጨምሯል፤ ከአብጃታ ራሱም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውኃ ተወስዷል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ከሚገባለት ውኃ ሲጎድልበት፣ የሙቀቱ ትነት ያልተለወጠ ቢሆን እንኳ ይሸሻል።

ሁለተኛው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ በመተሐራ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የነበረው ይህ ሐይቅ፣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በተነሡት ምስሎች ላይ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ይታያል። ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድና የባቡር ሐዲድ እየገፋ አፈር እየተደለደለ ከፍ እንዲደረግ አስገድዷል። ግጦሽና ማሳ ውጧል። ውኃው ጨዋማ በመሆኑም ለመጠጥና ለእርሻ አይበጅም። ተመራማሪዎች በዋናነት የሚያመለክቱት በአካባቢው ካሉት የመስኖ እርሻዎች እየሰረገ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍ ያደረገውን ትርፍ ውኃ ሲሆን፣ የመሬት ውስጥ እንቅስቃሴን የሚጨምሩም አሉ።

እንግዲህ በአንድ ስምጥ ሸለቆ፣ በአንድ ዘመን፣ አንዱ ሐይቅ ሲሸሽ ሌላው ሰፋ። የአየር ንብረት ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ በሄዱ ነበር። የአየር ንብረት ለውጥ እውነት መሆኑን ይህ አያስተባብልም፤ ሆኖም የመስኖ በር የከፈተውን ጥፋት ሁሉ በሰማይ ላይ ብንጥለው፣ ልናስተካክለው የምንችለውን ነገር ሳናስተካክል እንቀራለን። መሬት ላይ ወርደው ቦዩን የተከተሉ ሰዎች ባይኖሩ፣ ከላይ የተነሣው ምስል ይህን አይነግረንም ነበር።

ሣሩን የበላው አረንጓዴ

ወደ አፋሩ አረጋዊ ቃል እንመለስ። በካርታችን ላይ አረንጓዴ ሆኖ የታየው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ ላቲን አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ አፋር የገባው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አፈር እንዲይዝና በረሃን እንዲያለማ ታስቦ ነበር። ሐሳቡ በጎ ነበር። ዳሩ ግን ከብቶችና ፍየሎች ጣፋጭ ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በፋንድያቸው በየሜዳው በተኑት። ዛፉም ጥቅጥቅ ብሎ እየበቀለ ሣሩን አጠፋ፤ ወደ ወንዝ የሚወስደውን መንገድ ዘጋ፤ በእሾሁም የሰውና የከብት እግር ጎዳ። በሳተላይት ምስልና በመሬት ላይ ጥናት እንደ ተረጋገጠው፣ በሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ በአፋር ክልል ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ላይ ተዛምቷል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ያው ያሳሳተን መሣሪያ ሲታረም መልሶ የረዳ መሆኑ ነው። ፕሮሶፒስ ሥሩ ወደ ጥልቅ ስለሚወርድ፣ በደረቁ ወራት ሣሩ ሲጠወልግና ብዙው ቁጥቋጦ ቅጠሉን ሲያራግፍ እርሱ ለምልሞ ይቆያል። ስለዚህ የዝናብ ወራትን ምስል ከደረቁ ወራት ምስል ጋር አስተያይቶ፣ በሐሩር ጊዜም አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየውን በመፈለግ፣ ሰዎችም ቦታው ድረስ ሄደው በመዘገቡት ምሳሌ በመታገዝ፣ ዛፉን ከግጦሽ መለየት ተችሏል። ይህን ፍንጭ አርብቶ አደሩ ያለ ሳተላይት ያውቀው ነበር፤ እኛ ግን አልጠየቅነውም ነበር።

ዝናቡን መለካት

የ1977 ዓ.ም. ረሃብ፣ ማለትም የ1984 እና 1985ቱ፣ በብዙዎቻችን ቤት ገና ሐዘን ነው። በዚያን ጊዜ የርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1984 መጀመሪያ ለለጋሾች አስጠንቅቆ ነበር፤ ነገር ግን ርዳታው በቂ ሆኖ ሳይደርስ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ከዚያ የተነሣ በ1985 በአሜሪካ የርዳታ ድርጅት አማካይነት ፊውስ ኔት ተብሎ የሚታወቀው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አገልግሎት ተመሠረተ። የሳተላይት ምስልን፣ የዝናብን መጠንና የገበያን ዋጋ አገናኝቶ፣ ረሃብ ሳይደርስ ወራት አስቀድሞ ለማስታወቅ የታሰበ ነው። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ ርዳታ በታገደ ጊዜ ይህ አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከሰማይ የሚያይ ዓይንም በምድር ባለ ውሳኔ ሊከደን እንደሚችል ያን ጊዜ ተምረናል።

ሳተላይት ዝናብን የሚገምተው እንዴት ነው? ከባድ ዝናብ የሚያዘንቡ ደመናዎች ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ከፍ ብለው ስለሚቆለሉ አናታቸው በጣም ቀዝቃዛ ነው። ሳተላይቱ የደመናውን አናት ቅዝቃዜና የቆየበትን ጊዜ ይለካል። ይህ ግምት በየጣቢያው በዝናብ መለኪያ ከተመዘገበው ጋር እየተስተካከለ ይታረማል። ቺርፕስ የተባለው መዝገብ በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ በየ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፋፍሎ ይዟል። የሰው እጅ የሚያነበው የዝናብ መለኪያ በጠፋበት አካባቢ ግን ግምቱ የሚታረምበት ነገር ያንሰዋል። ስለሆነም በየጤና ኬላውና በየትምህርት ቤቱ ግቢ የተተከለች አንዲት መለኪያ ዛሬም ዋጋዋ አልቀነሰም።

ስለ አየር ንብረት ለመናገር የአንድ ዓመት ድርቅ አይበቃም፤ ባለሙያዎች የሠላሳ ዓመትን አማካይ እንደ መለኪያ ይወስዳሉ። በዚህ ረዥም መዝገብ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ሁኔታ አሳሳቢ ሆኖ ተገኝቷል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በጎረቤት አገሮች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሚጠበቀው በታች ሆኑ፤ እንዲህ ያለ ተከታታይ ድርቅ በሳተላይቱ መዝገብ ዘመን ታይቶ አይታወቅም። ብዙ ሚሊዮን ከብት አለቀ። በዚያ ጊዜ የነበሩት ማስጠንቀቂያዎች ቀደም ብለው የተሰጡ ነበሩ፤ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ግን ሰሚ ይፈልጋል።

የተመለሱ ዛፎች

ሳተላይት የጥፋት ዜና ብቻ አያመጣም። በምዕራብ አፍሪካ በኒጀር አገር፣ በማራዲ አካባቢ፣ ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ የእርሻ ባለሙያ በወንጌል ተልእኮ ድርጅት ሥር ይሠራ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተከላቸው ችግኞች አብዛኞቹ እየደረቁበት ተስፋ በቆረጠበት ጊዜ፣ በሜዳው ላይ ቁጥቋጦ የመሰለው ነገር የተቆረጡ ዛፎች ጉቶ ማቆጥቆጡ መሆኑን አስተዋለ። ሥሩ በሕይወት ስለ ነበረ ከገበሬዎቹ ጋር ሆነው ቡቃያውን እየመረጡ መግረዝና መጠበቅ ጀመሩ። ዘዴው ከገበሬ ወደ ገበሬ ተላለፈ። ከሃያ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ የተነሡ የአየር ፎቶግራፎችን ከአዳዲስ ምስሎች ጋር ሲያስተያዩ፣ በኒጀር ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር በሚደርስ የእርሻ መሬት ላይ ዛፎች መመለሳቸውን አረጋገጡ። ዛፎቹ በማሳ መካከል የተራራቁ ስለ ነበሩ፣ ጥራቱ ዝቅ ባለ ምስል ላይ ተለይተው የሚታዩ አልነበሩም።

ይህ ዘዴ ወደ አገራችንም መጥቶ በወላይታ በሁምቦ ከ2006 ጀምሮ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ ተሠርቶበታል። የአካባቢው ሕዝብ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልሎ ጠበቀ። ፕሮጀክቱ በ2009 በዓለም አቀፉ የካርቦን ሽያጭ ሥርዓት ተመዝግቦ ማኅበራቱ ከዚያ ገንዘብ ለማግኘት በቅተዋል። በዚያ ሥርዓት ደንብ መሠረት፣ መሬቱ በ1989 መጨረሻ ላይ ደን ያልነበረ መሆኑን ማስረዳት ግዴታ ነበር። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ማንም ልብ ሳይለው የተነሣ የሳተላይት ምስል ለእንዲህ ያለው ፕሮጀክት አንዱ የምስክር ወረቀት ሊሆን ይችላል። በላንድሳት የተነሡት ምስሎች ሁሉ ከ2008 ጀምሮ በነፃ መታደላቸውም ለድኻ አገሮች ትልቅ ጥቅም ሆኗል።

ይሁን እንጂ ይህ መዝገብ ከ1972 ወደ ኋላ እንደማይሄድ አንዘንጋ። «ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን 40 በመቶው ደን ነበር» የሚለውን አባባል በስብሰባም በስብከትም ደጋግመን ሰምተናል፤ እኛም ራሳችን ጽፈነው ይሆናል። በዚያ ዘመን ግን ደኑን የለካው ማንም አልነበረም። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ሰዎች በሰሜን ኢትዮጵያ ያነሡአቸውን ፎቶግራፎች ይዘው በያዝነው መቶ ዓመት ወደዚያው ቦታ የተመለሱ ተመራማሪዎች፣ በብዙ ቦታ የዛሬው የዛፍ ሽፋን ከያኔው የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። የደን ጥፋት በሌሎች ቦታዎች እውነት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሳይለኩ ቁጥር መናገር ግን የእውነትን ሥራ አይረዳም።

በእጃችን ያለው ሥራ

እንግዲህ ካርታ በእጃችሁ ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ? ከስህተታችን የተማርነውን በጥቂቱ እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ምስሉ በየትኛው ወርና ዓመት እንደ ተነሣ ተመልከቱ። ወሩ ያልተጻፈበት ካርታ ለውጥን ለማሳየት አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ካርታውን ወደ መንደሩ መልሱት። ለሽማግሌዎች ብቻ አታሳዩ፤ ውኃ የሚቀዱትንና እንጨት የሚለቅሙትን እናቶች፣ ከብት የሚጠብቁትንም ልጆች ጠይቁ። ወንዱ የማያውቀውን የደረቀ ምንጭ እናት ታውቀዋለች። «ይህ ቦታ ድሮ ምን ነበር? መቼ ተለወጠ? በምን ምክንያት?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ከብዙ መሣሪያ ይበልጣሉ።

ሦስተኛ፣ በመስክ ስትዞሩ በስልካችሁ ቦታውን የሚያሳየውን ቁጥርና አንድ ፎቶግራፍ መዝግቡ፤ ቀኑንና ያያችሁትን ጻፉበት። «ግጦሽ»፣ «ፕሮሶፒስ»፣ «ያደረ ማሳ» የሚል አንድ ቃል ይበቃል። እንዲህ ያለው ምሳሌ ሲከማች ካርታውን ያርማል።

አራተኛ፣ «ባዶ መሬት» የሚለውን ቃል ፍሩት። በበጋ ባዶ መስሎ የታየው ሜዳ የክረምት ግጦሽ ወይም አርፎ ያደረ ማሳ ሊሆን ይችላል። በካርታ ላይ ባዶ ተብሎ የተጻፈ መሬት ለሌላ ሲሰጥ፣ ባለቤቱ ሳይሰማ ሊነቀል ይችላል። ስለዚህ የምንሠራው ካርታ በማን እጅ እንደሚገባ አስቀድመን እናስብ፤ የሕዝቡንም ፈቃድ እንጠይቅ።

አምስተኛ፣ በየአጥቢያው ያላችሁ ምእመናን ሪፖርታችንን ስታነቡ ዝም ብላችሁ አትቀበሉን። «መሬት ላይ ማን አየው?» ብላችሁ ጠይቁን። ጥያቄያችሁ ሥራችንን ያጠራዋል።

እኛ በቢሮ ተቀምጠን ሰፊውን አገር በአንድ ወረቀት ላይ ለማየት መቻላችን ታላቅ ነገር ነው። አባቶቻችን ከተራራ ጫፍ ሆነው ከሚያዩት በላይ እናያለን። ነገር ግን ከዚያ ከፍታ የሰው ፊት አይታይም፤ የከሳች ላምም አትታይም። የአፋሩ አረጋዊ በበትራቸው የነኩት ካርታ ዛሬም በቢሮአችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የበትሩ ጫፍ ባረፈበት ቦታ ላይ ትንሽ የአቧራ ምልክት ቀርቷል፤ አልጠረግነውም። አዲስ ባልደረባ ወደ ሥራ ሲገባ አስቀድመን የምናሳየው እርሱን ነው።